ለመኪናችን የፊት መስታወት ፊልም ስንመርጥ፦ ስለ ፀሐይ፣ ስለ ሙቀትና ስለ ማየት

(አዲስ አበባ ውስጥ ለመኪና ባለቤቶችና ለአሽከርካሪዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አሽከርካሪዎች፣ የመኪና ባለቤቶችና የሙያ ባልደረቦቼ፤

ከእንጀራ ሰዓታችሁ ቀንሳችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ስስ ፕላስቲክ ነው። ውፍረቱ የሚሊሜትር ሃያኛ ክፍል ቢሆን ነው። ነገር ግን የፊት መስታወት ላይ ከተለጠፈባት ሰዓት ጀምሮ ሾፌሩ መንገዱንም፣ እግረኛውንም፣ ከብቱንም፣ ከፊት የሚመጣውንም መኪና የሚያየው በእርሱ በኩል ነው። የጎን መስታወት ፊልም በአመዛኙ የምቾት ጉዳይ ነው ልንል እንችላለን፤ የፊት መስታወት ፊልም ግን ሾፌሩ ዓይኑ ላይ የሚያደርገው መነጽር ያህል ስለሆነ ልክ መነጽር ስንገዛ የምናደርገውን ጥንቃቄ ይጠይቀናል።

ቲንት ለማስለጠፍ ወደ ሱቅ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቀው “ምን ያህል ይጥቆርልህ?” ተብሎ ነው። ደንበኛውም ፀሐይ ያስመረረው ስለሆነ “ጠቆር ይበል” ይላል፤ ሥራው ይሠራል፤ ሰውየው ከፍሎ ይወጣል። በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ስለ ሙቀት አንድም ነገር አልተነሣም። ጥቁረት የሚነግረን ወደ ዓይናችን የሚደርሰው ብርሃን ምን ያህል እንደቀነሰ ብቻ ነው። ወደ መኪናው የሚገባው ሙቀት ምን ያህል እንደቀነሰ ለማወቅ ሌላ ቁጥር መጠየቅ አለብን፤ የዛሬው ንግግሬም ዋናው ነገር ያ ቁጥር ነው።

ከፀሐይ ወደ ምድር ወለል ከሚደርሰው ኃይል ውስጥ በዓይናችን የምናየው ብርሃን ከግማሽ በታች፣ 44 በመቶ ያህል ነው። 53 በመቶ የሚሆነው ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ የሚባለው ጨረር ሲሆን፣ የቀረው 3 በመቶ ገደማ ደግሞ ቆዳን የሚያቃጥለውና ጨርቅን የሚያደበዝዘው አልትራቫዮሌት ነው። ብዙ ሰው፣ ሻጮችም ጭምር፣ “ሙቀት ማለት ኢንፍራሬድ ነው” ብለው ያስረዳሉ። ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። የሚታየውም ብርሃን ጥቁር ዳሽቦርድ ወይም ጥቁር ወንበር ላይ ሲያርፍ ተውጦ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ዳሽቦርዱ ከጋለ በኋላ እርሱም በበኩሉ ጨረር ያመነጫል፤ ይህ ሁለተኛው ጨረር ግን ሞገዱ ረጅም ስለሆነ መስታወት አያሳልፈውም። ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ ሙቀቷ መውጫ ያጣል ማለት ነው። ቀትር ላይ የቆመ መኪና በር ስንከፍት ፊታችንን የሚመታን ወላፈን ከዚህ የመጣ ነው።

“አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ከተማ ናት፣ ይህ ሁሉ ለሰመራና ለድሬዳዋ ሰው ነው” የሚል ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል። የአየሩ ቅዝቃዜ እውነት ነው፤ ፀሐይዋ ግን ቀዝቃዛ አይደለችም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2350 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ናት፤ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል፤ ስለዚህ እዚህ የሚደርሰን ጨረር በባሕር ወለል ላይ ካለው በሩብ ያህል የበረታ ነው። በዚያ ላይ የምንኖረው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ በመሆኑ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ፣ ቀትር ላይ በቀጥታ አናታችን ላይ ትቆማለች። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል 1000 ዋት ያህል ነው። በየቤታችን ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል። እንግዲህ ሰፋ ያለ የፊት መስታወት ያለው መኪና ፀሐይ ፊት ለፊት ሲቆም ከምጣዱ ኃይል ሩብ በላይ የሚሆነው መስታወቱ ላይ ያርፋል፤ ከዚያም ውስጥ ተራ መስታወት ከግማሽ በላዩን አሳልፎ ወደ ውስጥ ያስገባል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ ልግባ። በፊልም ካርቶን ወይም በመግለጫ ወረቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቁጥሮች ይጻፋሉ። አንደኛው ቪኤልቲ የሚባለው፣ የሚታየው ብርሃን ምን ያህሉ እንደሚያልፍ የሚገልጸው ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ፊልሙ ይጠቁራል፤ “የአምስቱ”፣ “የሃያው” የሚባለው ይኸው ነው። ሌላው የአልትራቫዮሌት መከላከያው ነው። ሦስተኛው የኢንፍራሬድ መከላከያው ሲሆን፣ አራተኛውና ዋነኛው ቲኤስኢአር የሚባለው፣ ሦስቱንም የፀሐይ ክፍሎች አንድ ላይ ደምሮ ከጠቅላላው ኃይል ምን ያህሉ ወደ መኪናው እንዳይገባ እንደተከለከለ የሚነግረን ነው። ስለ ሙቀት የምንጠይቅ ከሆነ የምንጠይቀው አራተኛውን ነው።

ሻጩ በሦስተኛው ቁጥር ሊያሳምነን ሲሞክር አንድ ሒሳብ በአእምሯችን እንሥራ። ፊልሙ 70 በመቶ ብርሃን ያሳልፋል እንበል። የሚታየው ብርሃን ከጠቅላላው የፀሐይ ኃይል 44 በመቶ ነው ብለናል፤ የዚህ 70 በመቶ ወደ 31 ይመጣል። ስለዚህ ያ ፊልም ኢንፍራሬዱንና አልትራቫዮሌቱን አንድም ሳያስቀር ቢመልስ እንኳ ከጠቅላላው ኃይል 31 በመቶው በብርሃን መልክ ገብቷል፤ ሊከለክል የሚችለው ከፍተኛው መጠን 69 በመቶ ነው። 70 በመቶ ብርሃን እያሳለፈ ከዚህ በላይ የሚችል ፊልም በዓለም ላይ የለም፣ ሊኖርም አይችልም። “መስታወቱ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ 99 በመቶ ሙቀት ይከለክላል” የሚላችሁ ሰው ወይ ቁጥሩን አልተረዳውም፣ ወይም እንድትረዱት አይፈልግም። በገበያ ላይ ያሉ ጥሩ የሚባሉ 70 በመቶ የሚያሳልፉ ፊልሞች ቲኤስኢአራቸው ከ40 እስከ 50 በመቶ አካባቢ ነው። ይህ ትንሽ አይደለም፤ ግማሽ ሊሞላ ምንም የማይቀረው የፀሐይ ኃይል ደጅ ቀረ ማለት ነው። በቀለም ብቻ የተነከረ ርካሽ ፊልም ደግሞ እንደ ሌሊት ቢጠቁር እንኳ ብዙ ጊዜ ከዚህ አይበልጥም። አንዱ ብርሃንን ከልክሎ ኢንፍራሬዱን ያሳልፋል፤ ሌላው ብርሃኑን አሳልፎ ኢንፍራሬዱን ይከለክላል። ለፊት መስታወት የሚያስፈልገን ሁለተኛው መሆኑ ግልጽ ይመስለኛል።

ስለ ኢንፍራሬድ ቁጥር ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ሰው በብዛት የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። የኢንፍራሬድ ጨረር ሰፊ ክልል ነው፤ የሞገዱ ርዝመት ከ780 ናኖሜትር ተነሥቶ እስከ 2500 ይደርሳል (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል ነው)። አንዳንድ አምራቾች ፊልማቸው ጎበዝ የሚሆንባትን ጠባብ ክፍል፣ ለምሳሌ ከ900 እስከ 1000 ናኖሜትር ያለችውን ብቻ ለክተው “97 በመቶ” ብለው ይጽፋሉ። የተጻፈው ውሸት አይደለም፣ ግን ሙሉ አይደለም። ሱቆች ጠረጴዛ ላይ የምታዩት ቀዩ የማሞቂያ አምፖልም እንደዚሁ ነው። አምፖሉ የሚያመነጨው በአብዛኛው ኢንፍራሬድ ስለሆነ ኢንፍራሬድን ብቻ የሚከለክል ፊልም በፊቱ ተአምር ሠሪ ይመስላል፤ ፀሐይ ግን እንደ አምፖሉ አይደለችም። ከዚህም ሌላ እጃችሁን ከመስታወቱ ጀርባ ለአምስት ሰከንድ ብቻ አስቀምጣችሁ አትፍረዱ። አብዛኛው ፊልም ጨረሩን የሚከለክለው መልሶ በማንጸባረቅ ሳይሆን በመዋጥ ነው፤ የዋጠው ሙቀት መስታወቱን ያግለዋል፣ የጋለው መስታወትም ከፊሉን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። መኪናው ሲሄድ የውጭው ነፋስ ይህን ሙቀት ጠርጎ ይወስደዋል፤ መኪናው ሲቆም ግን የተወሰነው ወደ እኛ ይመጣል። ስለዚህ አምፖል ፊት ከተሞከረም ቢያንስ ለሁለት ለሦስት ደቂቃ ይቆይ፣ መስታወቱ ራሱ ይዳሰስ። ከሁሉ የሚሻለው ግን መስታወቱን ይዞ ወደ ፀሐይ መውጣት ነው።

አንዳንዶቹ ደግሞ ቲኤስኢአሩን ራሱን የሚጽፉት ፀሐይ በ60 ዲግሪ ሰያፍ ስትመታ የተለካውን ነው። ጨረር በሰያፍ ሲመጣ መስታወት ራሱ ብዙውን ስለሚያንጸባርቅ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል። ሁለት ፊልሞችን ስታወዳድሩ ሁለቱም በአንድ ዓይነት መንገድ የተለኩ መሆናቸውን ጠይቁ።

እዚህ ላይ በራሴ የደረሰውን ልናገር። ከብዙ ዓመታት በፊት ቪትዝ ነበረኝ። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ለሥራ ወደ አዳማ እመላለስ ነበር። መንገዱን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ጠዋት ወደ አዳማ ስትወርዱ ፀሐይ ከፊት ናት፣ ማታ ወደ አዲስ አበባ ስትመለሱም ፀሐይ እንደገና ከፊት ናት። ዓይኔ ተቃጠለ፣ ራሴን ያመኝ ጀመር፤ አንድ ሱቅ ገባሁና “የፊቱንም አጥቁሩልኝ” አልኩ። ማንም አልከለከለኝም። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅግ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ቀን በአሮጌው መንገድ ስመለስ ዱከም አካባቢ መሸብኝ። ፀሐይ ጠልቃለች፤ ሰማዩ ግን ገና አልጨለመም፤ ያ ለሾፌር እጅግ አስቸጋሪ የሆነው ሰዓት ነው። ከፊቴ የሚመጣ የጭነት መኪና ረጅም መብራቱን አብርቶ ነበር፤ ብርሃኑ በፊልሙ ላይ እንደ ጉም ተበተነብኝ። መኪናው ሲያልፍ ከመንገዱ ዳር ወደ መሐል አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ያየሁ መሰለኝና ፍሬን ያዝኩ። ስቆም የአንዲት አህያ ጭነት ኮፈኑን ተደግፎ ነበር። ከአህያዋ ጎን ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ቆመዋል፤ ሁለተኛዋ አህያ ከኋላቸው ናት። ሽማግሌው በመስታወቱ በኩል ወደ እኔ ይመለከታሉ። እጄን አንሥቼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ፊታቸው አልተለወጠም። በኋላ ነው የገባኝ፤ እኔን አላዩኝም። መስታወቱ ጥቁር ነው። እኔም እርሳቸውን ማየት ያለብኝን ያህል ቀድሜ አላየኋቸውም፣ እርሳቸውም እኔን ሊያዩኝ አልቻሉም። በማግስቱ ጠዋት በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅኩ ፊልሙን ላጥኩት፤ ሙጫው ለመልቀቅ ግማሽ ቀን ፈጀ።

የደረሰብኝን በቁጥር ላስረዳ። ቪኤልቲ አይደመርም፣ ይባዛል። ከፋብሪካ የወጣ የፊት መስታወት ራሱ ብርሃኑን ሁሉ አያሳልፍም፤ 78 በመቶ የሚያሳልፍ ነው እንበል። በላዩ 70 በመቶ የሚያሳልፍ ፊልም ብንለጥፍ 78ን በ0.70 እናባዛለን፤ ውጤቱ 55 በመቶ ገደማ ነው። “የ35ቱን” ብንለጥፍ ደግሞ 27 በመቶ ይቀረናል። የእድሜም ነገር አለ፦ የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ ገብቶ ብርሃን ተቀባዩ ክፍል ላይ የሚደርሰው ብርሃን ከ20 ዓመት ወጣት ዓይን ጋር ሲነጻጸር አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ለልጃችሁ ሌሊት የሚታየው ነገር ለእናንተ ላይታይ ይችላል። በእኛ አገር መንገድ ላይ፣ የመንገድ መብራት በሌለበት፣ እግረኛና ከብት በሚሻገርበት፣ ይህን ብርሃን በገዛ ገንዘባችን መቀነስ የለብንም።

የሌሎች አገሮች ሕግም ከዚሁ የተነሣ ነው። በአሜሪካ የፌዴራሉ የደኅንነት ደረጃም ሆነ በአውሮፓ የሚሠራበት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 43 የፊት መስታወት ቢያንስ 70 በመቶ ብርሃን እንዲያሳልፍ ይጠይቃሉ። ሒሳቡን አስታውሱ፦ መስታወቱ 78 ከሆነ 70 ላይ ለመቆየት የሚቻለው 90 በመቶ በሚያሳልፍ ፊልም ብቻ ነው። በርካታ መኪና ወደ አገራችን የመጣባት ዱባይ፣ በረሃ ላይ ያለች ከተማ ሆና እንኳ የጎንና የኋላ መስታወትን እስከ 50 በመቶ ማጥቆር ስትፈቅድ የፊቱን አትፈቅድም። እኛም ፊልም ከማስለጠፋችን በፊት መኪናችን ቦሎ የሚወስድበትን መሥሪያ ቤት ጠይቀን፣ መልሱን በጽሑፍ ይዘን ብንሄድ በኋላ በምርመራ ጊዜ ልጡ ከመባል እንድናለን።

ስለ አልትራቫዮሌት የምለው አጭር ነው። የፊት መስታወት የሚሠራው ሁለት ስስ መስታወቶችን በመሐላቸው ባለ የፕላስቲክ ሽፋን አጣብቆ ነው፤ ሲሰበር የማይበተነው ለዚህ ነው። ያ ፕላስቲክ አልትራቫዮሌትን ይውጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የታተመ አንድ የዓይን ሕክምና ጥናት 29 መኪናዎችን ለክቶ የፊት መስታወታቸው ቆዳን ዘልቆ የሚገባውን የአልትራቫዮሌት ኤ ጨረር በአማካይ 96 በመቶ እንደሚከለክል፣ የጎን መስታወታቸው ግን በአማካይ 71 በመቶ ብቻ፣ በአንዳንዶቹም 44 በመቶ ብቻ እንደሚከለክል አግኝቷል። እንግዲህ ለፊት መስታወት “99 በመቶ አልትራቫዮሌት ይከለክላል” ተብሎ የሚጠየቅ ተጨማሪ ገንዘብ በአብዛኛው ያላችሁን ነገር መልሶ መሸጥ ነው። ያ ገንዘብ የሾፌሩ በር መስታወት ላይ ቢውል ይሻላል። ከአዋሽ በገዋኔ አድርጎ ወደ ሚሌ፣ ከዚያም በሎጊያና በዲቾቶ ወደ ገላፊ የሚወጣውን የጭነት መኪና ሾፌር አስቡት፤ ወደ ሰሜን ሲነዳ ከሰዓት በኋላ ያለችው ፀሐይ ሰዓታት ሙሉ በግራ በኩል፣ በእርሱ በር ትገባለች። እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ ታዋቂ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የ69 ዓመት የጭነት መኪና ሾፌር ፎቶግራፍ ነበር፤ 28 ዓመት ከነዳ በኋላ የፊቱ ግራ ጎን ከቀኙ በብዙ ዓመት ያረጀ ይመስል ነበር። እዚህ የተቀመጣችሁ የረጅም መንገድ ሾፌሮች የሁለቱን እጆቻችሁን ቆዳ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ለጎን መስታወት ጥቁር ሳይሆን ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ግን አልትራቫዮሌትን የሚከለክል ፊልም አለ፤ ስፖኪዮውንም ሳያጨልም ይሠራል።

ወደ ፊልሞቹ ዓይነት እንምጣ። በቀለም የተነከረው ከሁሉ ርካሹ ነው፤ ፀሐይ ቀለሙን ስለምትበላው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል፣ ሙጫውም ለቆ አረፋ ያወጣል። በየመንገዱ የምናያቸው ሐምራዊ መስታወት ያላቸው አሮጌ ሚኒባሶች ታሪካቸው ይህ ነው። ብረት የተቀባው ሙቀትን በማንጸባረቅ ደኅና ይሠራል፤ ነገር ግን የሬዲዮን፣ የስልክንና የጂፒኤስን ሞገድ ስለሚያውክና ስለሚያብረቀርቅ ለፊት መስታወት አልመክረውም። ካርቦኑ ከቀለሙ የተሻለ ዕድሜ አለው፤ ግን እርሱም በአመዛኙ ጠቆር ያለ ስለሆነ ለጎንና ለኋላ ይሁን።

ለፊት መስታወት የምመክረው ሴራሚክ የሚባለውን ነው። በውስጡ ዓይን የማያያቸው እጅግ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች፣ ለምሳሌ ቲንና አንቲሞኒ ያለባቸው ኦክሳይዶች ወይም የቱንግስተን ኦክሳይድ ውህዶች ተበትነዋል፤ እነዚህ ቅንጣቶች የሚታየውን ብርሃን አሳልፈው ኢንፍራሬዱን ይውጣሉ። ብረት አይደሉምና ሞገድ አያውኩም። ከዚህ ሌላ ቅንጣትም ቀለምም ሳይጠቀም ከ200 በላይ እጅግ ስስ የፕላስቲክ ንብርብሮችን ደራርቦ ኢንፍራሬዱን መልሶ የሚያንጸባርቅ ፊልም አለ፤ ስሪኤም የሚባለው ኩባንያ ክሪስታላይን ብሎ የሚሸጠው የዚህ ዓይነት ነው። ዋጋው ውድ ነው። “ሴራሚክ” የሚለው ቃል ካርቶን ላይ መጻፉ ብቻውን ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ቃሉን ማተም ቀላል ነው። ቁጥሮቹን ጠይቁ፤ ጥቅሉ ላይ ያለውን የምርት ቁጥር ከዋስትና ካርዱ ጋር አመሳክሩ፤ ቁራጩን ወስዳችሁም ከኋላው መብራት እያያችሁ ጉም የሚመስል ድብዝዝታ እንዳለው እዩ። ቀን የማይታይ ድብዝዝታ ሌሊት ከፊት በሚመጣ መብራት ዙሪያ ነጭ ቀለበት ይሠራል፤ እኔን ዱከም ላይ ያሳወረኝም ይኸው ነበር።

በኤሌክትሪክ መኪና ለመጣችሁት የተለየ መልእክት አለኝ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መንግሥት የነዳጅ መኪና ማስገባትን ካቆመ ወዲህ ቁጥራችሁ በየጊዜው እየጨመረ ነው። እነዚህ መኪናዎች የፊት መስታወታቸው የተንጋለለና ሰፊ ነው፣ ጣሪያቸውም ብዙ ጊዜ መስታወት ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ብዙ ትገባለች። ኤሲው የሚሠራው ደግሞ መኪናውን በሚያንቀሳቅሰው በዚያው ባትሪ ነው። የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር ትሪፕል ኤ እ.ኤ.አ. በ2019 ባደረገው ሙከራ የውጭው ሙቀት 35 ዲግሪ ሲሆንና ኤሲ ሲከፈት መኪናዎቹ በአንድ ቻርጅ የሚሄዱት ርቀት በአማካይ በ17 በመቶ ቀንሷል። ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ለሚወርድ ሰው ይህ ቻርጅ ማድረጊያ ጋ የመድረስና ያለመድረስ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ፊልም ይህን ሁሉ አያስቀረውም፤ ኤሲው የሚታገለውን ሙቀት ግን ይቀንስለታል።

ነገር ግን በእነዚህ መኪናዎች የፊት መስታወት ላይ፣ ከመሐለኛው ስፖኪዮ ጀርባ፣ ብዙ ጊዜ ካሜራና የዝናብ መለያ አለ። ካሜራው መስመር የሚጠብቀው፣ በራሱም ፍሬን የሚይዘው ክፍል ዓይን ነው። ፊልሙ በዚያ ቦታ ላይ ተቆርጦ ክፍት መተው አለበት። ሠራተኛው “ምንም አይሆንም” ቢል እሺ አትበሉ።

አለጣጠፉ የፊልሙን ያህል ዋጋ አለው። ጥሩ ሠራተኛ ፊልሙን መጀመሪያ በመስታወቱ የውጭ ገጽ ላይ ዘርግቶ በሙቅ አየር እየነፋ የመስታወቱን ጎባጣነት ያስይዘዋል፤ ከዚያ በውስጥ በኩል በሳሙና ውኃ አርሶ አንድ ወጥ አድርጎ ያስቀምጠውና ውኃውን በጎማ መጥረጊያ እየገፋ ያወጣዋል። ውኃው ወደ ዳሽቦርዱ ወርዶ የኤሌክትሪክ ዕቃ እንዳያበላሽ ወፍራም ፎጣ ከታች ያነጥፋል። ለጣፊው ፎጣ ካላነጠፈ ሥራውን አስቁሙት። በበጋ አቧራ፣ በመንገድ ዳር፣ በክፍት ቦታ የተለጠፈ የፊት መስታወት ፊልም ንጹሕ ሆኖ አይወጣም፤ እያንዳንዷ የአቧራ ቅንጣት ከሥሩ ነጥብ ሆና ትቀራለች፣ ነጥቧም በዓይናችን ፊት ናት። መስታወቱ ድንጋይ መትቶት የተሰነጠቀ ከሆነ መጀመሪያ ይጠገን ወይም ይቀየር፤ ፊልም የዋጠው ሙቀት ስንጥቁን ሊያስረዝመው ይችላል። ከተለጠፈ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የውኃ ከረጢት የሚመስሉ ትንንሽ ደመናዎች ቢታዩ አትደንግጡ፣ ቀስ በቀስ ይደርቃሉ። ከወር በኋላም ካልጠፉ ወደ ለጠፈው ሰው ተመለሱ። ሲጸዳም አሞኒያ የሌለው ፈሳሽና ለስላሳ ጨርቅ ይሁን።

ከመጨረሴ በፊት አንድ ነገር በግልጽ መናገር ግዴታዬ ነው፤ በተለይ ልጆች ያላችሁ ስሙኝ። ፊልም የቆመን መኪና አያቀዘቅዝም፤ የሚሞቅበትን ፍጥነት ብቻ ያዘገየዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የተደረገ ጥናት የተዘጋ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በአንድ ሰዓት በአማካይ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚጨምር፣ ከዚህም ውስጥ 80 በመቶ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች እንደሚሆን አሳይቷል። የውጭው አየር ቀዝቀዝ ባለበት ቀንም እንዲሁ ነው፤ መስኮት ትንሽ ከፈት ማድረግም እምብዛም አልረዳም። እንግዲህ የአዲስ አበባን ደስ የሚል 23 ዲግሪ ወስዳችሁ 22 ጨምሩበት። “ፊልም አስለጥፌያለሁ፣ ለአምስት ደቂቃ ነው” ብሎ ሕፃን መኪና ውስጥ የሚተው ሰው እንዳይኖር እለምናችኋለሁ። ለቆመ መኪና ከፊልም ይልቅ ዛፍ ጥላ ወይም መስታወቱ ላይ የሚዘረጋው ብርማ መከለያ ብዙ ይሻላል፤ ዋጋውም ከፊልሙ ጋር አይወዳደርም፣ ዳሽቦርዱም ከመሰነጣጠቅ ይድናል።

አሁን ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ፀሐይዋም ሙሉ ናት። ከአዳራሹ በስተ ጀርባ ባለው ግቢ አንድ መጠን ያላቸው ሦስት መስታወቶችን ከአንድ ጥቁር ጨርቅ በላይ በእንጨት ላይ አቁሜያለሁ፦ አንዱ ባዶ ነው፣ አንዱ በቀለም የተነከረ እጅግ ጥቁር ፊልም አለው፣ አንዱ 70 በመቶ የሚያሳልፍ ሴራሚክ አለው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ዓይናችሁ ይነግራችኋል፤ ስለዚህ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ የእጃችሁን ጀርባ ከእያንዳንዱ መስታወት በስተ ኋላ ሦስት ሦስት ደቂቃ አቆዩ። ከዚያ ጥያቄዎቻችሁን እዚያው ፀሐይ ላይ እቀበላለሁ።